የማይዝገው ሳይክሌ



አዘጋጆቹ "ስለ ሥራህ ሃያ ደቂቃ ተናገር" ነበር ያሉኝ። ስለ ሥራዬ ማውራት ስጀምር ባለቤቴ እንኳ እንደምታንቀላፋ ስለማውቅ፣ "ስለ ሳይክሌ ልናገር" ብዬ ለመንኳቸው። እየሳቁ ፈቀዱልኝ። ስትገቡ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ የቆመች ግራጫ ሳይክል አይታችኋል፤ እሷ ናት። ከመካከላችሁ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ "ምነው፣ ቀለም ሳይቀቡ ነው እንዴ የሸጡልህ?" ብሎኛል። አዎ፣ ሳይቀቡ ነው። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ግን ይህችን ቁራጭ ቧንቧ ከፊት ወንበር ጀምራችሁ እያያችሁ አስተላልፉልኝ። አሉሚኒየም ናት። አንዱ ጫፏ በሴጌቶ ተቆርጧል፣ ጎንና ጎኗ በትራፓኖ ተበስቷል። ላይዋ ላይ የምታዩት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቆሻሻ ስላልሆነ አትጥረጉት። ዛሬ እዚህ የቆምኩት በሱ ምክንያት ነው።

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ነው። ልጆቼ ካደጉ በኋላ ወደ ሳይክል ተመለስኩ። ተመለስኩ የምለው በልጅነቴ ሰፈር ውስጥ በደቂቃ እየተከራየሁ፣ ፍሬኑ የጫማዬ ሶል የሆነ ሳይክል ስለነዳሁ ነው። ይህን የምታውቁ እዚህ ብዙ ናችሁ፤ እናቶቻችሁም በጫማው ያውቁታል። እና ጋራዤ ውስጥ ቀስ በቀስ ሦስት ሳይክል ተጠራቀመ። አንዷ ቀጭን ጎማ ያላት የውድድር ሳይክል፣ አንዷ የተራራ፣ አንዷ ደግሞ ሥራ መሄጃ። ጠዋት ጠዋት የምፈልጋት ሁሌም ጎማዋ የተነፈሰችውን ነበር።

ሦስቱን ሸጬ አንድ ብቻ መግዛት ፈለግሁ። አስፋልት ላይ ከጎረምሶች ጋር ባይሆንም ከኋላቸው የምትሄድ፣ ጠጠርና ጭቃ የማትፈራ፣ ሻንጣ የምትሸከም። እንዲህ ያለችውን እዚያ አገር አድቬንቸር ሮድ ይሏታል፤ ከነጠላ ሥራ ይልቅ ለብዙ ሥራ የተሰናዳች ማለት ነው። ከሩቅ ስትታይ የውድድር ሳይክል ትመስላለች፤ መሪዋ ወደታች የታጠፈ ነው። ቀርባችሁ ስታዩ ግን ሹካዋ 40 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ያስገባል፣ ለፓራፋንጎና ለፖርቶመጋላ የሚሆን የብሎን ቀዳዳ በየቦታው አላት። ለውጡን ያመጣው የዲስክ ፍሬን ነው። ድሮ ፍሬኑ ቸርኬውን ራሱን ስለሚይዝ፣ የቸርኬው መጠን ቢቀየር ፍሬኑ ቦታውን ይስታል። ዲስክ ግን መሐል ላይ ስላለ የላዩ መጠን አያገባውም። ስለዚህ ባለ 622 ሚሊ ሜትር ቸርኬ ላይ ቀጠን ያለ ጎማ፣ ባለ 584 ላይ ደግሞ ወፍራም ጎማ አድርጌ፣ አንዱን አውልቄ ሌላውን ለመግጠም አምስት ደቂቃ ይበቃኛል።

አሁን ወደ ብረቱ። ፍሬሟ የተሠራችው 3 በመቶ አሉሚኒየምና 2.5 በመቶ ቫናዲየም ከተቀላቀለበት ቲታኒየም ነው። ይህ ቅይጥ ለአውሮፕላን የሃይድሮሊክ ቧንቧ ይውል የነበረ ነው፤ ሳይክል ሠሪዎች ከዚያ ወሰዱት። የቲታኒየም እፍጋት በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር 4.5 ግራም ገደማ ነው፤ የስቲል 7.8፣ የአሉሚኒየም 2.7። ግትርነቱ ግን ከስቲል ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ስለዚህ ቧንቧውን ወፈር አድርጎ መሥራት ግድ ይላል። ኮሪደሩ ላይ ያያችሁት የታችኛው ቧንቧ ወፍሮ የሚታየው ለዚህ ነው እንጂ ለጌጥ አይደለም።

ቀለም ያልተቀባችው ስለማያስፈልጋት ነው። ቲታኒየም አየር ሲነካው ራሱን በስስ ኦክሳይድ ይሸፍናል፤ ሲጫር መልሶ ይሸፍናል። ጨው አይበላውም፣ ላብ አይበላውም። አስቸጋሪነቱ ብየዳ ላይ ነው። ሲግል ኦክስጅንና ናይትሮጅን ከአየር ይጠጣና እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ በውጭም በቧንቧው ውስጥም አርጎን ጋዝ እየተነፋ ነው የሚበየደው። ጥሩ ብየዳ ብር ይመስላል፤ ሰማያዊ ካያችሁ ጠርጥሩ። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የቲታኒየም ፍሬም ከተሰነጠቀ ሰፈር ያለ በያጅ ጋ ተወስዶ የሚጠገን አይደለም።

"መንቀጥቀጡን ይውጠዋል፣ እንደ ሶፋ ነው" ሲባልም ትሰማላችሁ። እኔ አላምንም። ባለ ሁለት ሦስት ማዕዘን ፍሬም ወደላይና ወደታች የሚተጣጠፈው ከቁም ነገር የማይገባ ነው። የሚውጠው ጎማው ነው። እኔም የገዛሁት ለምቾት አልነበረም። ሃምሳዎቹ ውስጥ ገብቼ ነበርና፣ ዕድሜ ልክ የሚቆይ አንድ ነገር ልግዛ ብዬ ነው። ዋጋውን ለባለቤቴ ስነግራት የፍሬሙን ብቻ ነገርኳት፤ ከ3,000 ዶላር በላይ። ሌላውን ለየብቻ፣ በየወሩ ነገርኳት። "ለማን ልታወርሰው ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ልጆቼ ሳይክል አይወዱም።

ሳይክሏን የገጠመልኝ ሱቅ ለጎረምሳ እንደሚገጠም አድርጎ ገጠመልኝ። እኔም ደስ አለኝ፤ ማን ጎረምሳ መምሰል ይጠላል? መሪው ዝቅ ብሏል፣ ኮርቻው ከፍ ብሏል፣ ጎማው 28 ሚሊ ሜትር ሆኖ በ6 ባር ተነፍቷል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ አጠገባችን ወዳለው ወደ ቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ወጣሁ። በ1828 እ.ኤ.አ. ሥራው ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ የደረሰ ቦይ ነው፤ በቅሎዎች ከዳር ሆነው ጀልባ ይጎትቱበት የነበረው መንገድ ዛሬ የእግረኛና የሳይክል ሆኗል። 297 ኪሎ ሜትር አፈርና ጠጠር። በሁለተኛው ሰዓት የቀለበት ጣቴና ትንሿ ጣቴ ደነዘዙ። ከክርን በታች ወደነዚህ ሁለት ጣቶች የሚሄደው ነርቭ በመዳፍ ግርጌ ያልፋል፤ ክብደታችሁን መሪው ላይ ስትጥሉ እሱን ነው የምትጫኑት። ቤት ስገባ የሸሚዜን ቁልፍ መፍታት አቃተኝና ባለቤቴ ፈታችልኝ። ምንም አላለችም፤ ብትናገር ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ዓመት ሳይክሏን እንደገና የሠራሁበት ነው። ጎማውን ወደ 40 ሚሊ ሜትር ቀየርኩ፣ አየሩን ወደ 2.5 ባር አወረድኩ፤ ካላማዳሪውን አውጥቼ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ ጨመርኩበት። ጠጠር ላይ ፍጥነቴ አልቀነሰም፤ ጎማው ጠጠሩን እየዋጠ ያልፋል እንጂ እየዘለለ ጉልበት አያባክንም። መሪውን በ2 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረግሁ፣ መሪውን የሚይዘውን አንገት ከ110 ወደ 90 ሚሊ ሜትር አሳጠርኩ። ጣቶቼ ተመለሱ። ማርሹንም ቀየርኩ። ከፊት 46 እና 30 ጥርስ፣ ከኋላ ከ11 እስከ 34። በትንሿ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሳይክሏ ወደ 1.9 ሜትር ብቻ ትሄዳለች። ጎረምሶቹ ሳቁብኝ። ዳገት ላይ ግን እኔ ተቀምጬ ስወጣ፣ ቆመው ሲያለከልኩ አይቻቸዋለሁ።

ያልነካሁት ኮርቻውን ነው። ጉልበቴን ከኋላ በኩል ያመኝ ነበር፤ "ዕድሜ ነው" እያልኩ ተውኩት። ሁለት ክረምት እንዲሁ ነዳሁ። የእኛን ክረምት አይደለም የምላችሁ፤ በረዶው እንዳይጋገር ከተማው መንገድ ላይ ጨው የሚበትንበትን ክረምት ነው።

ከዚያ ከእናንተ መካከል ሦስት ሰዎች፣ አዳራሹ ውስጥ ናችሁ፣ ከፒትስበርግ እስከ ዋሽንግተን በሳይክል እንሂድ አላችሁኝ። 540 ኪሎ ሜትር፣ ስድስት ቀን። ተስማማን፣ የአውሮፕላን ቲኬት ተቆረጠ፣ አንዱ ከቶሮንቶ ይመጣል። ሦስት ሳምንት ሲቀረን ልምምዱን ሳበዛ ጉልበቴ አላስቀምጥ አለኝ። ያን ጊዜ ነው የለካሁት። ጀርባዬን ለግድግዳ ሰጥቼ፣ መጽሐፍ በጭኖቼ መሐል ከፍ አድርጌ ይዤ፣ ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጀርባ 83 ሳንቲ ሜትር። በ0.883 ሲባዛ 73.3። ይህ ግሬግ ለሞንድ የተጠቀመበት የቆየ ስሌት ነው፤ መነሻ ይሆናል እንጂ ሕግ አይደለም። የእኔ ኮርቻ ከፔዳሉ ማዞሪያ መሐል 75 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበር። 1.7 ሳንቲ ሜትር ማውረድ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ። ብሩጉላዬን ይዤ ወረድኩ፣ ብሎኑን ፈታሁ፣ ኮርቻውን ጨብጬ ወደታች ተጫንኩ።

አልነቃነቅ አለ።

እስቲ መምህራን፣ ሦስተኛ ዓመት ማቴሪያል ሳይንስ ያስተማራችሁን፣ አስታውሱኝ። ሰሌዳው ላይ ሁለት ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ተስሎ፣ በሽቦ ተያይዞ፣ "የቱ ነው የሚበላው?" ተብለን ነበር። ፈተናም ላይ መጥቷል። እኔ መልሻለሁ፤ ሙሉ ማርክ ነው ያገኘሁት። ቲታኒየም ኦክሳይዱን ለብሶ የተከበረ ነው፤ አጠገቡ አሉሚኒየም ካለ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ፍሬሟ ቲታኒየም፣ ኮርቻውን የሚሸከመው ቧንቧ አሉሚኒየም፣ መሐላቸው የክረምት ጨውና ውኃ። ሁለት ዓመት ሙሉ ባትሪ ላይ ተቀምጬ ነበር የምነዳው። አሉሚኒየም ኦክሳይድ ደግሞ ከብረቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። ቧንቧው በፍሬሙ ውስጥ አብጦ ተቀርቅሯል። ያ ነጭ ዱቄት ያ ነው። መፍትሔው ምን ነበር? ስትገጣጥም የፀረ መጣበቅ ቅባት ቀብተህ፣ በየጥቂት ወሩ አውጥተህ ጠርገህ መመለስ። አሥር ደቂቃ። ሱቁም አልቀባ፣ እኔም አልጠየቅሁ። ሱቁን አልወቅስም፤ ሙሉ ማርክ ያገኘሁት እኔ ነኝ።

የሚሰርግ ዘይት ሦስት ቀን አጠጣሁት። ሳይክሏን ገልብጬ ከታች በኩልም አጠጣሁት። ኮርቻውን ይዤ ለመጠምዘዝ ስሞክር የኮርቻው ሐዲድ ጎበጠ እንጂ ቧንቧው አልሰማም። አንድ ጠጋኝ ጋ ወሰድኳት፤ "እሞክራለሁ፣ ግን ለፍሬሙ ዋስትና አልሰጥም" አለኝ። የዚያ ቧንቧ ግድግዳ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ስለ ብየዳው ያልኳችሁን አስታውሱ። መልሼ ይዣት መጣሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ የባለቤቴን ፀጉር ማድረቂያ ይዤ እያሞቅሁ ሳለ የቶሮንቶው ጓደኛዬ ደወለ። ምን እያደረግህ ነው አለኝ፤ ነገርኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?"

"አሉሚኒየም።"

"ውጭ ያለውስ?"

"ቲታኒየም።"

ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ማድረቂያውን አጠፋሁት።

አሉሚኒየም በእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 23 ያህል ይለጠጣል፤ ቲታኒየም 9 ያህል። ባሞቅሁት ቁጥር የውስጡ ከውጭው በላይ እያበጠ፣ ራሴ እያጠበቅሁት ነበር። የተቀረቀረ ነገር ይሞቃል የሚለው ከጋራዥ የለመድኩት ነው፤ እዚህ ግን ተቃራኒው ነው፤ ማቀዝቀዝ። ስልኩን ሳንዘጋ አሰላነው። የቧንቧው ስፋት 27.2 ሚሊ ሜትር ነው። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ነው፤ ከጋራዤ 20 ዲግሪ ጋር ልዩነቱ 98 ይሆናል። 27.2 በ14 ሚሊዮንኛ በ98፤ ወደ 0.04 ሚሊ ሜትር። የፀጉር ግማሽ። "በቂ ነው" አለኝ። "በቂ ይመስልሃል?" አልኩት። "ሌላ ምን አለህ?" አለኝ።

ሌላ ምንም አልነበረኝም። ቅዳሜ ጠዋት የቧንቧውን ራስ በሴጌቶ ቆረጥኩት። የ60 ዶላር ዕቃ ሠውቼ 3,000 ዶላሩን ማዳን ነው፤ እጄ ግን ተንቀጠቀጠ፣ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ቧንቧው ካልወጣ ኮርቻ የሌላት ሳይክል ናት። ከፍሬሙ በላይ የቀረውን ጎንና ጎኑን በትራፓኖ በሳሁ፣ የብረት ዘንግ አሾለክሁበት። የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ ደረቅ በረዶ ሲተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ በተዘጋ ቤት አይነካም። በወፍራም ጓንት በረዶውን አድቅቄ ቧንቧው ውስጥ ጠቀጠቅሁት። ባለቤቴ ቡናዋን ይዛ በር ላይ ቆማለች። አሥር ደቂቃ ጠበቅሁ፤ ቧንቧው ነጭ ውርጭ ለበሰ። ዘንጉን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁ።

ቋ አለ። ፍሬሙ የተሰነጠቀ መስሎኝ እጄን ለቀቅሁ። ባለቤቴ ጎንበስ ብላ አየችና "ዞሯል እኮ" አለች። የመርፌ ጫፍ ያህል ዞሯል። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ እንደገና በረዶ፣ እንደገና ዘይት። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። መጨረሻ ላይ ስትወጣ እንደ ጥርስ ነው የወጣችው። አሁን እጃችሁ ላይ ያለችው እሷ ናት። ፍሬሙን ውስጡን በመብራት አየሁት፤ ጨርቅ ሳሳልፍበት ነጩ ዱቄት ተጠረገ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ከፋብሪካ እንደወጣ ነበር። ጭረት እንኳ የለውም። ሰኞ ዕለት ሌላ ቧንቧ ገዛሁ፣ ቅባት ቀባሁ፣ 73.3 ላይ አሰርኩ። ጉልበቴ በሳምንቱ ተወኝ።

ስለ ጉዞው ሦስቱ ጓደኞቼ ከእኔ የተሻለ ያወራሉ፤ እራት ላይ ጠይቋቸው። እኔ የምለው ትንሽ ነው። ከፒትስበርግ የሚነሳው መንገድ የተፈጨ ድንጋይ የተነጠፈበት የድሮ ባቡር መስመር ነው፤ ሳይታወቃችሁ 729 ሜትር ከፍታ ላይ ያደርሳችኋል፣ ከዚያ ወደ ከምበርላንድ ቁልቁል ነው። ከከምበርላንድ በኋላ ያለው የቦዩ መንገድ ዝናብ ከጣለበት ሊጥ ነው። እኛ ላይ ሁለት ቀን ጣለ። ፓራፋንጎውን ከጎማው በጣም አስጠግቼ ገጥሜው ስለነበር ጭቃ ሞላውና ጎማው አልዞር አለ፤ መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ በእንጨት ስጠርግ ጓደኞቼ ፎቶ አነሱኝ። ያ ደግሞ የራሴ ጥፋት ነው፤ አሁን ክፍተቱን አሰፍቼዋለሁ።

ወደዚህ ስመጣ በካርቶን አሽጌ አመጣኋት። ከትናንት ወዲያ ከዚሁ ከአምስት ኪሎ ተነስቼ፣ ስድስት ኪሎን አልፌ፣ በሽሮ ሜዳ አድርጌ እንጦጦ ወጣሁ። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ሳንባዬ የሜሪላንድ ሳንባ ሆኗል፣ አራት ጊዜ ቆሜአለሁ። ባለ 30 እና ባለ 34 ጥርሷ ባትኖር ገፍቼ ነበር የምወጣው። ስመለስ የውስጥ ለውስጡን ኮብልስቶን ሞከርኩ። በ2.5 ባር ጥርሴን አንገጫገጨኝ፤ ወደ 2.2 አወረድኩት፣ ሰላም ሆነ። በአንድ ጠዋት አስፋልት፣ ኮብልስቶን፣ የጫካ አፈር። ሜሪላንድ ውስጥ ለዚህ ሁሉ መኪና ላይ ጭኜ ነው የምሄደው። እውነቱን ለመናገር ይህች ሳይክል ለዚህ ከተማ ነው የተሠራችው።

"ለማን ልታወርሰው ነው?" ለሚለው ጥያቄ አሁንም መልስ የለኝም። እስከዚያው ግን መንዳት ለሚፈልግ ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ነኝ። የውስጥ እግራችሁን ርዝመት በመጽሐፍ ለክታችሁ ኑ፤ በ0.883 ማባዛቱን እኔ እሠራላችኋለሁ። ኮርቻዋ ወደላይም ወደታችም ትሄዳለች፤ ዛሬ ጠዋት አውጥቼ ጠርጌያታለሁ። አጭር ሰው ቢመጣም ረጅም ሰው ቢመጣም ችግር የለም።

ቁራጯ ቧንቧ የት ደረሰች? ኋላ ወንበር ላይ ቀርታ እንዳትጠፋ መልሱልኝ።